ማይክል ፋራዴይ፤ ትዝታው የከዳው ሊቅ

በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን፥ ሰው ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አዲስ ነገር ካላሰበ ከዚያ በኋላ ቢደክምም አያስብም፤ አእምሮ እንደ ቢላዋ ነውና በየዓመቱ እየዶለዶመ ይሄዳል ብሎ ተነሣ። ግማሾቻችን ደገፍነው። በማግሥቱ ጧት ጠጕራቸው የሸበተ አንድ መምህራችን በትምህርት መካከል የአንድ ደራሲ ስም ጠፍቶባቸው፥ ጠመኔውን እንደ ያዙ ዝም ብለው ቆሙ። ከኋላ የተቀመጥነው ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ። ስሙ የመጣላቸው ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሰዓት ስለዚያው ደራሲ ሥራ የሰጡት ማብራሪያ በደብተሬ ውስጥ ካለው ሁሉ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። ስሙ የጠፋባቸው ሰው ቁም ነገሩ እንዴት አልጠፋባቸውም?

ሁለቱ ነገሮች አልገጣጠሙልኝም። ወደ ቤተ መጻሕፍት የላከኝ ይህ ነው፤ እዚያም ብዙ ሕይወት አገላብጬ በመጨረሻ ከእንግሊዛዊው ከማይክል ፋራዴይ ላይ ቆምኩ። ፋራዴይን ሁላችንም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ምዕራፍ እናውቀዋለን። የማስታወስ ኃይሉ በ48 ዓመቱ እንደ ከዳው፥ ከዚያም በኋላ ለሃያ ሁለት ዓመታት ያህል ሲመራመር እንደ ኖረ ግን የመማሪያ መጽሐፋችን አልነገረንም። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ፋራዴይ በ1791 በሴፕቴምበር ወር ከለንደን በስተደቡብ በምትገኘው በኒዊንግተን ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ያውም በሽተኛ ብረት ቀጥቃጭ። በ1801 የእህል ዋጋ ባሻቀበ ጊዜ ልጁ ለአንድ ሳምንት የሚበቃው አንድ ዳቦ ብቻ ይሰጠው እንደ ነበር ይነገራል። ትምህርቱ ከማንበብ፥ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ አላለፈም። ይህ የሒሳብ ጕድለት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አብሮት ስለ ኖረ ቆይተን እንመለስበታለን።

በ13 ዓመቱ ሪቦ ከሚባል መጻሕፍት ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆኖ ገባ፤ በ1805 ደግሞ ለሰባት ዓመት ጥረዛ እንዲማር ውል ተዋዋለ። እንግዲህ የሚጠርዘውን መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ። የኤሌክትሪክን ነገር ያገኘው ሊጠረዝ በመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ነው፤ ኬሚስትሪን ደግሞ ጄን ማርሴት የምትባል ሴት ለጀማሪዎች ከጻፈችው መጽሐፍ ተማረ። ከሁሉም ይልቅ ሕይወቱን ያቀናው ግን አይዛክ ዋትስ የሚባለው ሰባኪ ስለ አእምሮ መሻሻል የጻፈው መጽሐፍ ይመስለኛል። ያ መጽሐፍ ያነበቡትንና የሰሙትን በማስታወሻ መያዝን፥ ከወዳጅ ጋር በደብዳቤ መወያየትን፥ በቃል ላይ ጥንቃቄ ማድረግን ይመክራል። ፋራዴይ ምክሩን እንደ ሕግ ያዘው። በ1809 ገና በ17 ዓመቱ ያነበበውን የሚሰበስብበት ደብተር ከፈተ። የአበው ተረት በቃል ያለ ይረሳል በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላል፤ ይህ የለንደን ድኻ ልጅ ተረቱን ሳይሰማው ኖረበት።

በ1812 አንድ ደንበኛ ትኬት ስለ ሰጠው የታላቁን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን የመጨረሻ አራት ሌክቸሮች በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተገኝቶ ሰማ። የሰማውን በማስታወሻ ያዘ፤ እቤቱ ገብቶ አስፍቶ ጻፈው፤ ሥዕሉን ሣለ፤ ከዚያም በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። ከ300 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ ነበር። እኛ ከሌክቸር ወጥተን የጓደኛ ደብተር ለመገልበጥ የምንሯሯጠው ይህን ስናነብ ትንሽ ማፈር ሳይገባን አይቀርም። በ1813 ዴቪ በላቦራቶሪው ረዳት አድርጎ ቀጠረው፤ ፋራዴይም ከላይ ፎቅ ሁለት ክፍል ተሰጥቶት በዚያው ቤት ዕድሜውን ፈጀ ማለት ይቻላል።

የወጣትነቱንና የጕልምስናውን ሥራ በአጭሩ ላልፈው ነው፤ የፊዚክስ ተማሪዎች ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና። በ1821 ሣራ ባርናርድን አገባ፤ በዚያው ዓመት የኤሌክትሪክ ኃይል በማግኔት ዙሪያ ሽቦ እንዲዞር ማድረግ እንደሚችል አሳየ። በ1825 ቤንዚንን አገኘ፤ ይህም በኬሚስትሪ የሚታወቀው እንጂ መኪና የሚነዳው ቤንዚን አይደለም። በ1831 ኦገስት 29 ቀን የብረት ቀለበት አዘጋጅቶ በሁለት ወገን የመዳብ ሽቦ ጠቀለለበት። አንዱን ሽቦ ከባትሪ ጋር ባገናኘው ጊዜ፥ ከሌላው ሽቦ አጠገብ የነበረችው የማግኔት መርፌ ለአንዲት ቅጽበት ተወዛወዘች፤ ባላቀቀውም ጊዜ እንደገና ተወዛወዘች። በኦክቶበር በማግኔት መካከል የመዳብ ሰሐን እያዞረ የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት አገኘ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበትን መብራት የሚሰጠው ጄኔሬተር ዘሩ ከዚያ ሰሐን ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 40 ዓመት ገደማ ነበር፤ ጓደኛችን በመደበው ሠላሳ ዓመት ላይ ዐሥር ተጨምሮበታል።

እዚህ ላይ ዘግየት ልበል። በ1832 ኦገስት ወር ፋራዴይ የላቦራቶሪ ማስታወሻውን አንቀጽ በአንቀጽ በቁጥር መጻፍ ጀመረ። አንድ ብሎ የጀመረው ቁጥር ሳይቋረጥ እየተከታተለ በመጨረሻ ከ16,000 በላይ ደረሰ። እያንዳንዱ ሙከራ፥ እያንዳንዱ ጥርጣሬ፥ ያልተሳካውም ጭምር ቁጥር አለው፤ አዲሱ አንቀጽ የቀድሞውን በቁጥሩ ይጠራል። ለሕትመት ያወጣቸውንም የኤሌክትሪክ ምርምሮች በዚሁ ዓይነት ቁጥር ሰጥቷቸዋል። የጠራዥ ልማድ ነው ብለን እንለፈው ይሆናል። ነገር ግን ሰውየው ሳያውቀው ለክፉ ቀን የሚሆን ጎተራ እየሠራ ነበር።

ክፉው ቀን በ1839 መጨረሻ መጣ። ራሱን ያዞረው ጀመር፤ ራስ ምታት ያዘው፤ ከሁሉም ይልቅ ትናንት የሠራው ዛሬ ይጠፋበት ጀመር። ሐኪሙ ሥራ እንዲያቆም አዘዘው። በ1841 ሣራና ወንድሟ ወደ ስዊስ ተራሮች ይዘውት ሄዱ። እዚያ የሆነው ነገር የሚያስደንቅ ነው፦ ጭንቅላቱ የአንድ ሰዓት ምርምር የማይችለው ይህ የ49 ዓመት ሰው፥ የጌሚን ተራራ ተሻግሮ እስከ ቱን ከተማ በአንድ ቀን ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጓዘ። አካል ሌላ፥ ትዝታ ሌላ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ያለ አይመስለኝም። የሕመሙን ምክንያት ብዙዎች ብዙ ነገር ብለውበታል፤ በላቦራቶሪ ሲጠቀምበት የኖረውን ሜርኩሪ የሚጠረጥሩም አሉ። ያም ሆነ ይህ፥ ዕድሜ በሰው ሁሉ ላይ ቀስ ብሎ የሚያመጣው ነገር በፋራዴይ ላይ ቀድሞና በርትቶ መጣበት።

በለንደን የነበሩ ብዙዎች ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነበር ብል ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም። ፋራዴይ ግን በ1845 ተመለሰ። ማግኔትና ብርሃን አንድ ዝምድና ሊኖራቸው ይገባል የሚል አሳብ ከጥንት ጀምሮ በልቡ ነበረ፤ ብዙ ጊዜም ሞክሮ አልሆነለትም ነበር። በ1820ዎቹ ዓመታት ለመነጽር የሚሆን መስተዋት እንዲሠራ ታዝዞ ለዓመታት ደክሞ፥ ብዙም የማይጠቅም ከባድ የእርሳስ መስተዋት ሠርቶ አስቀምጦ ነበር። በ1845 ሴፕቴምበር 13 ቀን ያንን የድሮ መስተዋት አውጥቶ በጠንካራ ማግኔት አጠገብ አደረገው፤ ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲወዛወዝ የተደረገ ብርሃንም አሳለፈበት። ብርሃኑ አቅጣጫውን አዞረ። በኖቬምበር ደግሞ ብረት ያልሆኑትም ነገሮች ሁሉ ለማግኔት የየራሳቸው ጠባይ እንዳላቸው አረጋገጠ። ዕድሜው 54 ነበር፤ ትዝታውም አልዳነም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የሥነ ልቡና ተማሪዎች እንዳስረዱኝና እኔም እንዳነበብኩት፥ አእምሮ አንድ ዕቃ አይደለም። ሬይመንድ ካቴል የተባለው ሊቅ የማሰብን ችሎታ በሁለት ከፍሎታል፤ አንዱን ፈሳሽ፥ ሌላውን የረጋ ይለዋል። ፈሳሹ አዲስ ነገርን በፍጥነት የመፍታት፥ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በልብ የመያዝ ኃይል ነው፤ ይህ በእኛ ዕድሜ አካባቢ ከፍ ብሎ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይወርዳል። የረጋው ግን በኑሮና በትምህርት የተጠራቀመው ዕውቀት፥ የቃላት ሀብትና የሙያ ብልሃት ነው፤ ይህ እስከ ስድሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያድግ ወይም ባለበት ሊጸና ይችላል። ትዝታም ራሱ ብዙ ነው። ትናንት የሆነውን መጥራትና ስምን ከባዶ ማውጣት ቶሎ ይደክማል፤ ስሙን ሌላ ሰው ሲጠራው ማወቅ፥ የቃልን ፍች፥ እጅ የለመደውን ሥራ ግን ሽማግሌም እንደ ወጣት ይይዛል። በ1956 ዋርነር ሻይ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ሰዎችን መዝግቦ በየሰባት ዓመቱ መመርመር ጀመረ። የአንዱን ሰው አእምሮ ከራሱ ከቀድሞው ጋር ሲያስተያዩት፥ የዛሬውን ሽማግሌ ከዛሬው ወጣት ጋር በማስተያየት ከሚገመተው ይልቅ መድከሙ ዘግይቶ የሚጀምር ሆኖ ተገኘ፤ ብዙው ችሎታ እስከ ስድሳ ዓመት ገደማ እምብዛም አይነካም።

መምህራችን ስሙን ያጡት ከአንደኛው ሣጥን ነው፤ ማብራሪያውን ያወጡት ከሁለተኛው።

ፋራዴይ የቀረለትን ሣጥን እንዴት እንደ ተጠቀመበት ማየት ይገባል። በሌክቸር ጊዜ ዝግ በል የሚል ካርድ ከፊቱ ያስቀምጥ ነበር፤ ረስቶ ከፈጠነ፥ አንደርሰን የተባለው ታማኝ ረዳቱ ካርዱን አንሥቶ ከዐይኑ ፊት እንዲያደርግ ታዝዟል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሌላ ካርድ ይቀርባል። ከማስታወሻው የማይርቀውም ለዚሁ ነው። ሆኖም ጎተራው ሁልጊዜ አላዳነውም። አንድ ጊዜ ስድስት ሳምንት ሙሉ በላቦራቶሪ ደክሞ ውጤት ካገኘ በኋላ፥ ወደ ማስታወሻው ቢመለስ ያንኑ ሙከራ ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ወር በፊት ሠርቶ ያንኑ ውጤት አግኝቶ ኖሯል። ፈጽሞ ረስቶታል። ለወዳጁ ሲጽፍ፥ ያሳዘነው ድካሙ ሳይሆን መርሳቱ መሆኑን፥ ትዝታ የሌለው ድካም ዋጋ እንደሌለው ገለጠለት። ይህን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን ከድኜ ትንሽ ተቀመጥኩ። በፈተና ዋዜማ ያነበብነው ሲጠፋብን የሚሰማን ድንጋጤ፥ ለአንድ ሰው የየዕለት እንጀራው ሲሆን አስቡት።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ግን ትልቁ አሳቡ የበሰለው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ማግኔት በዙሪያው ያለውን ባዶ ቦታ በኃይል መሥመሮች ይሞላዋል፤ ኃይሉ የሚኖረው በብረቱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቦታው ውስጥ ነው የሚለውን ትምህርት በ1846 ፍንጩን ሰጠ፤ በ1852፥ በ60 ዓመቱ፥ አስፍቶ ጻፈው። ብዙዎቹ የሒሳብ ሊቃውንት ከቁም ነገር አልቈጠሩትም። የቈጠረው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የተባለ ወጣት ነበር፤ የሽማግሌውን ሥዕል በሒሳብ ቋንቋ ጽፎ ላከለት። ፋራዴይ በ1857 በጻፈለት ደብዳቤዎች ደስታውን ገልጦ፥ የሒሳብ ሊቃውንት የደረሱበትን ነገር እንደ እርሱ ያለ ሰው እንዲገባው በተራ ቋንቋ ቢጽፉት ምን አለበት ሲል ለመነው። የ65 ዓመት ሽማግሌ ከ25 ዓመት ወጣት ጋር እንዲህ ይነጋገር ነበር። እነሆ ፈጣኑ አእምሮና የረጋው አእምሮ በደብዳቤ ተገናኙ፤ ሬዲዮ የተገኘው ከዚያ ግንኙነት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም።

በዚያው በ1857 ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሊቃውንት ማኅበር ፕሬዚዳንት እንዲሆን ለመኑት። በዚያ አገር ለሳይንስ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። እምቢ አለ። ለወዳጁ ለቲንዳል እንደ ነገረው፥ ሹመቱን ቢቀበል ለአንድ ዓመት እንኳ የአእምሮው ጤንነት እንደሚጸና ዋስ ሊሆን አይችልም ነበር። እስከ መጨረሻው ድረስ ተራው ማይክል ፋራዴይ ሆኖ መቅረትን መረጠ። በ1864 ሮያል ኢንስቲትዩሽንም ያንኑ ክብር ቢያቀርብለት አልተቀበለም። (አንድ ጊዜ የያዙትን ወንበር ለመልቀቅ የሚቸገሩትን የየክበቡን መሪዎች እዚህ ላይ አላነሣባቸውም።) እዚህ ላይ አድናቆቴ ከግኝቱ ሁሉ ይበልጣል። አእምሮው ሲደክም ድካሙን አይቶ የሚመዝን ዐይን በውስጡ ነቅቶ ቀርቶ ነበርና። በ1854 ሰው ራሱን በራሱ ስለ ማታለሉና ፍርዱን ስለ ማረም ሌክቸር ሰጥቶ ነበር፤ እርሱ ግን ሌሎችን ብቻ አላስተማረበትም።

ሁሉን አልተወም፤ የሚችለውን ከማይችለው ለየ። ለባሕር መብራቶች አማካሪነቱን ቀጠለ። በ1858 በሳውዝ ፎርላንድ ማማ ላይ፥ እርሱ በ1831 ካገኘው ጥበብ የመነጨ የኤሌክትሪክ መብራት ሲበራ ሥራውን የመረመረው እርሱ ነበር። ለልጆች የሚሰጠውንም የገና ሌክቸር አልተወም፤ ከ1827 ጀምሮ በጠቅላላው 19 ጊዜ ሰጥቷል። የመጨረሻው በ1860 ገና ስለ ሻማ የሰጠው ነው። በ69 ዓመቱ፥ የወዳጆቹ ስም በሚጠፋበት ጊዜ፥ አንዲት ሻማ አብርቶ ከእርሷ የኬሚስትሪን ሕግ ሁሉ አንድ በአንድ አወጣ። በ1861 ታትሞ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ፤ ዛሬም ይነበባል። ዕድሜ ልክ የኖረበት ነገር ስለሆነ ማስታወስ አላስፈለገውም፤ ሻማዋ ራሷ ታስታውሰው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቍልቍለቱ ፈጠነ። በ1861 መኸር የልጆቹን ሌክቸር እንደማይቀጥል ለኢንስቲትዩሽኑ አስታወቀ። በ1862 ጁን ወር የመጨረሻውን የዓርብ ማታ ሌክቸር ስለ ጋዝ ምድጃ ሰጠ፤ ለስንብት ባዘጋጀው ማስታወሻ ላይ የመሰናበቱን ምክንያት ሳይሸፋፍን የትዝታው መጥፋት መሆኑን አስፍሯል። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ለብዙ ዘመን ወዳጁ ለጀርመናዊው ኬሚስት ለሾንባይን፥ ፊደሉን እያሳሳተና ትርጕም የሌለው ነገር እየጻፈ ደብዳቤውን ደጋግሞ እንደሚቀድ ነገረው። በ1863 ከቤት ርቆ ሳለ ለሣራ እንደ ጻፈላት፥ ራሱም ልቡም ሙሉ ነበሩ፤ ነገር ግን አብረውት በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ወዳጆች እንኳ ለማስታወስ ይቸገር ነበር። እንደ ቀድሞው ለአእምሮው ትራስ ትሆንለት ዘንድ ለመናት። ልጅ አልነበራቸውም። ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት በሰጠችው ቤት በ1867 ኦገስት 25 ቀን፥ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፥ በ75 ዓመቱ ዐረፈ።

አንድ ነገር ሳልናገር አልፌአለሁ። በ1862 ማርች 12 ቀን፥ ያ የ70 ዓመት ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ላቦራቶሪው ወርዶ ነበር። የሚነድ ነበልባል በጠንካራ ማግኔት መካከል ቢያደርጉት የብርሃኑ ቀለም መሥመሮች ይለወጡ ይሆን ብሎ ጠየቀ። መሣሪያው ደካማ ስለ ነበረ ምንም አላየም። ከ34 ዓመት በኋላ፥ በ1896፥ በኔዘርላንድ በላይደን ከተማ ፒተር ዜማን የተባለ ወጣት፥ ማክስዌል ስለ ፋራዴይ ሕይወት ከጻፈው ላይ ይህን ሙከራ አነበበ። ፋራዴይን የመሰለ ሰው ካሰበው በተሻለ መሣሪያ እንደገና መሞከር ይገባል ብሎ ሞከረው፤ መሥመሮቹም ሰፍተው ታዩት። በ1902 የኖቤልን ሽልማት ከመምህሩ ከሎሬንትስ ጋር ተካፈለበት። ፋራዴይ በዚያ የማርች ቀን፥ ምንም ለውጥ አለመታየቱን እንደ ልማዱ በማስታወሻው ላይ ጽፎ ነበር።